መንግሥት ለገበሬው ሲከፍል ምን እየገዛ ነው?

ዑረይጃ በሪያድ ምዕራብ ያለ ሰፈር ነው። ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ ዋዲ ሐኒፋ የሚባለው ሸለቆ ያልፋል፤ ከጡወይቅ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 120 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወርድ ነው። ሸለቆው ለዓመታት ድንጋይና አሸዋ የሚዛቅበት፣ ቆሻሻም የሚደፋበት ቦታ ሆኖ ኖሯል። የከተማው ልማት ባለሥልጣን አጽድቶ፣ የከተማዪቱን ፍሳሽ በተፈጥሮ መንገድ እያጣራ ዛፍ እንዲጠጣው አደረገ፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ2010 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ። በዕረፍት ቀን ምንጣፍ አንጥፈን ቡና የምናፈላበት ጥላ የተገኘው በዚህ ሥራ ነው።

መንግሥት ራሱ በያዘው መሬት ላይ ዛፍ ለመትከል በጀትና ትእዛዝ ካለው ይበቃዋል። ከባዱ ነገር መሬቱ የሰው ሲሆን ነው። ገበሬው የሚያርሰውን ዳገት እንዲተው፣ የመዝረዓው (የበረሃው እርሻ) ባለቤት የጉድጓዱን ውሃ እንዲቆጥብ፣ ዛፍ ያለው ሰው እንዳይቆርጥ ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው? ይህ ማብራሪያ ስለዚያ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያንና ኢትዮጵያን ሁለቱንም የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን ምሳሌውን ከሁለቱም እወስዳለሁ።

ማበረታቻ ለምን አስፈለገ

አንድ ገበሬ ከይዞታው ውስጥ ሩብ ሄክታር ዳገት አለው እንበል። ቢያርሰው በዓመት ሁለት ኩንታል ጤፍ ያገኝበታል። ቢከልለው ሣርና ቁጥቋጦ ያወጣል፣ ቦረቦሩ ይድናል፣ ምንጩም ይጎለብታል። ምንጩ ያለው ግን ሁለት ቀበሌ ወርዶ ነው። ጉዳቱ የእሱ፣ ጥቅሙ የሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው። ይህን ገበሬ በስብሰባ መክሮ ማለፍ በልጆቹ እንጀራ ላይ መፍረድ ነው።

ስለዚህ መንግሥት ጣልቃ ይገባል። አንዳንዴ በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል፤ አንዳንዴ ግብር ይምራል፣ ችግኝ በነጻ ይሰጣል፣ ያለ ወለድ ያበድራል፣ ወይም ምርቱን በጥሩ ዋጋ እገዛለሁ ብሎ ቃል ይገባል። የመሬት ባለመብትነትን በወረቀት ማረጋገጥም ማበረታቻ ነው፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ይመስለኛል፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናየዋለን። እያንዳንዱን ፕሮግራም ስንመረምር የምንጠይቀው ግን አንድ ነው፤ ገንዘቡ የሚከፈለው ለየትኛው ነገር ነው? ገበሬ የሚያመርተው የተከፈለበትን ነው። ለእህል ከተከፈለው እህል፣ ለጉድጓድ ከተከፈለው ጉድጓድ፣ ለቆመ ዛፍ ከተከፈለው የቆመ ዛፍ ይሰጣል።

ሳዑዲ ዐረቢያ ለስንዴ ስትከፍል

ለዚህ ከሳዑዲ ስንዴ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ነገሩ የተጀመረው ያለ ምክንያት አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ በኋላ መንግሥቱ አንድ ቀን እህል ይከለክሉናል ብሎ ሰጋ። ስለዚህ በራሱ መሬት ስንዴ ለማብቀል ቆረጠ።

አከፋፈሉን እንየው። በ1968ቱ የመሬት ማከፋፈያ ሕግ መሠረት ጠፍ መሬት አልምቶ ላሳየ ሰው መሬቱ በነጻ ይሰጠው ነበር። የግብርና ባንኩ ያለ ወለድ አበደረ፤ ለሞተር፣ ለፓምፕና ለማሽን ድጎማ ተጨመረ። በላዩ ላይ መንግሥት አንዱን ቶን ስንዴ በ3,500 ሪያል ለመግዛት ቃል ገባ፤ ከዓለም ገበያው ዋጋ ብዙ እጥፍ ነበር። ውሃው ግን ዋጋ አልነበረውም። ከመሬት ሥር በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት የተጠራቀመ፣ ዝናብ መልሶ የማይሞላው ውሃ ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ ፓምፕ ለተከለ ሰው በነጻ ይወጣ ነበር።

በገጠር የሠሩ ወገኖቻችን የሚያውቁት ረጅም የብረት ክንድ አለ፤ በጎማ ላይ ቆሞ መሐሉ ላይ ያለውን ጉድጓድ እየዞረ ያጠጣል። አንዱ ክንድ አራት መቶ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አንድ ዙር ሲዞር 50 ሄክታር አካባቢ ያረሰርሳል። በአል ኸርጅ፣ በቀሲም፣ በሐኢል፣ በተቡክና በዋዲ ደዋሲር እንዲህ ያሉ ክብ ማሳዎች በረሃውን ሞሉት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአገሪቱ የስንዴ ምርት በዓመት አራት ሚሊዮን ቶን ገደማ ደረሰ። ከራሷ ፍጆታ አልፋ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ሆነች። አንድ ኪሎ ስንዴ ለማብቀል አንድ ሺህ ሊትርና ከዚያም በላይ ውሃ እንደሚጠይቅ አስቡ። ወደ ውጭ የተጫነው በእህል መልክ የተጓዘ የከርሰ ምድር ውሃ ነበር።

ጉዳቱ የታየው በሐይቆቹ ላይ ነው። ከሪያድ በስተ ደቡብ በአፍላጅ፣ ለይላ በምትባለው ከተማ አጠገብ ሰው የሚዋኝባቸው ሐይቆች ነበሩ። በአል ኸርጅም ከመሬት ሥር የሚመነጭ ውሃ የሞላባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ነበሩ። ዛሬ ደርቀዋል። ገበሬው ሕግ አልጣሰም፤ የተከፈለበትን ሠራ።

መንግሥት እጁን ሲያነሣስ?

እ.ኤ.አ. በ2008 መንግሥት የስንዴ ግዢውን በየዓመቱ በ12.5 በመቶ እየቀነሰ በ2016 ፈጽሞ ለማቆም ወሰነ፤ አቆመም። በዚህ ጊዜ የሆነውን አንባቢዎቼ ደጋግመው ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ገበሬው ጉድጓዱ አለ፣ ፓምፑ አለ፣ ክንዱም አለ። ስንዴው ሲቀር በርሲም ወደሚባለው የከብት መኖ ዞረ። ስንዴ የክረምት ሰብል ነው፤ ጥቂት ወር ጠጥቶ ይታጨዳል። በርሲም ግን ዓመቱን ሙሉ ለምልሞ፣ በጋውን በዚያ ሙቀት እየጠጣ፣ እየታጨደ እንደገና ያድጋል። ለወተት ላሞች ገበያው የተዘጋጀ ነው። የስንዴው ድጎማ ቀረ፤ የውሃው ፍጆታ ግን አልቀረም።

ስለዚህ በ2015 መጨረሻ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አረንጓዴ መኖ ማብቀል በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲቆም ወሰነ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች መኖውን ከውጭ ማምጣት ጀመሩ፤ አልማራይ በአሜሪካ አሪዞና መሬት ገዝቶ እዚያ አብቅሎ ያመጣል። ለአነስተኛው ገበሬ ግን የተለየ መንገድ ተተወለት። እስከ 50 ሄክታር የሚያርስ ሰው መኖውን እንዲቀጥል ወይም መንግሥት በሚገዛው የስንዴ መጠን ውስጥ እንዲገባ ምርጫ ተሰጠው። 50 ሄክታር የአንድ ክንድ ዙር ያህል መሆኑን ልብ በሉ። አንድ ክንድ ብቻ ያለውን ሰው በአንድ ጊዜ ከሥራ ማውጣት አልተፈለገም። ይህ በእኔ ግምት የውሳኔው ጥበበኛ ክፍል ነው።

ሌላው መንገድ ደግሞ ገንዘቡን ሳይነጥቁ ወደ ሌላ ሥራ ማዞር ነው። በ2019 የተጀመረው «ሪፍ» የተባለው የገጠር ልማት ፕሮግራም የሚያግዘው የጃዛንን ቡና፣ የጣኢፍን ጽጌረዳ፣ ማርን፣ በዝናብ የሚበቅል እህልንና አነስተኛ ከብት አርቢዎችን ነው። በደቡብ ምዕራብ ተራሮች ላይ የጥንት የድንጋይ እርከኖች አሉ፤ ባለቤቶቻቸው ወደ ከተማ ሲሄዱ መፍረስ ጀምረው ነበር። እርከን የሚጠገነው በላዩ የሚበላ ሰው ሲኖር ነው። ቡናው ዋጋ ካገኘ ድንጋዩን መልሶ የሚያነሣ እጅ ይገኛል። ውሃውም የዝናብ ነው።

በእኛ አገር የመጀመሪያው የዛፍ ማበረታቻ

ወደ አገራችን እንሂድ። ለግል ዛፍ ተካይ በኢትዮጵያ ከተሰጡት ማበረታቻዎች ቀደምትና ስመ ጥር የሆነው የዳግማዊ ምኒልክ ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት አለቀ፤ ዋና ከተማው ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር የሚል ሐሳብ ሁሉ ነበር። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ባሕር ዛፍ መጣ፤ ያስመጣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ እንደሆነ ይነገራል። ንጉሠ ነገሥቱ ችግኙን በትንሽ ዋጋ አከፋፈሉ፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበትን መሬትም ከግብር ነጻ አደረጉ።

ሠራ፤ ከተማዋም ከቦታዋ አልተነሣችም። የሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ተካዩ ግብሩ ቀረለት፣ እንጨቱን ሸጠ፣ ከቆረጠው በኋላም ከጉቶው መልሶ አበቀለለት። የተከፈለው ለእንጨት ነበር፤ እንጨት ተገኘ። ለምንጭና ለወይራ ግን ማንም አልከፈለም። ስለዚህ እንጦጦ ለብዙ ዘመን ከሥሩ ሣር የማይወጣበት የባሕር ዛፍ ተራራ ሆኖ ኖረ።

በሦስት ኪሎ ስንዴ የተሠራ እርከን

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በወሎ፣ በሰሜን ሸዋ፣ በትግራይና በሐረርጌ ተራሮች ላይ እጅግ ሰፊ የእርከንና የደን ሥራ ተካሄደ። ክፍያው ምግብ ለሥራ ነበር። ለአንድ ቀን ሥራ ሦስት ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ይታደላል፤ ምንጩም የዓለም የምግብ ፕሮግራም ነበር። በረሃብ ዘመን ያ ስንዴ ሕይወት ማዳኑን አንርሳ።

የሚለካው ግን የተሠራው እርከን ርዝመትና የተተከለው ችግኝ ቁጥር ነበር። ከላይ በመጣ ትእዛዝ፣ ገበሬው ሳይጠየቅ፣ እርከኑ በማሳው መሐል ያልፋል። ገበሬው የሚያነሣው ቅሬታ ተጨባጭ ነበር። እርከኑ ከጠባቡ ማሳው ላይ መሬት ይወስድበታል። በሬዎቹ ጫፍ ደርሰው ለመዞር ቦታ ያጣሉ። በድንጋዩ መሐል አይጥ ይራባና እህሉን ይበላበታል። ዳገቱ ላይ የተተከለው ዛፍ የማን እንደሆነ ደግሞ የሚያውቅ አልነበረም፤ የገበሬ ማኅበሩ ይሁን የመንግሥት፣ ገበሬው ግን የእኔ ነው አይልም።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ዛፉ ተቆረጠ፣ እርከኑም ተናደ። ይህን የሚያነሡ ሰዎች ሕዝቡን ሲወቅሱ እሰማለሁ፤ ትክክል አይመስለኝም። የተከፈለው ለጉልበት ነበር፤ ጉልበቱ ተሰጥቷል። ዛፉን ለሚጠብቅ፣ እርከኑን ለሚጠግን የተመደበ ክፍያም የተሰጠ መብትም አልነበረም።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከዚህ ተምሯል። ክፍያው በጥሬ ገንዘብም ሆነ፤ ሥራው በየተፋሰሱ ከነዋሪው ጋር ታቅዶ ይሠራል፤ ከብት እንዳይገባበት የተከለለው ተራራ ሣሩ እየታጨደ ለአካባቢው ሰው ይከፋፈላል። በከፍተኛው ጊዜ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሰው አቅፏል። አሁንም ግን የሚከፈለው ለሥራ ቀን ነው፤ ሰው በወር አምስት ቀን ይሠራል። እርከኑ ከሦስት ክረምት በኋላ ቆሞ መገኘቱ ከክፍያው ጋር አልተያያዘም። በአማራ ክልል በየበጋው በዘመቻ የሚሠራው የተፋሰስ ሥራ ደግሞ ነጻ ጉልበት ነው። ገበሬው ያለ ክፍያ የሚሠራው ሥራ ስለሆነ፣ ቢያንስ የጥገናው ወጪ ከመንግሥት በጀት ሊያዝለት ይገባ ነበር።

ደብተሩ

ከላይ የመሬት መብት ከሁሉ የሚበልጥ ማበረታቻ ነው ያልኩበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበሬው የይዞታ ደብተር መሰጠት ተጀመረ። የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ አለበት። ነገ መሬት ይሸነሸናል ብሎ የሚሰጋ ሰው አሥር ዓመት የሚጠብቅ ዛፍ አይተክልም፤ ድንጋይም አይክብም። በአማራና በትግራይ የተደረጉ ጥናቶች ደብተር ያገኘ ገበሬ በእርከንና በአፈር ጥበቃ ላይ ይበልጥ እንደሚደክም አሳይተዋል። ወረቀቱ በክፍያ ሊገዛ የማይችለውን ነገር አመጣ።

ከመብቱ ጋር ግዴታም መጣ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይገባበት፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ብቻ እንዲውል ደነገገ። 60 በመቶ ማለት በአግድም መቶ ሜትር ሲኬድ ስድሳ ሜትር የሚወጣ ዳገት ነው። ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ደግሞ ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራለት ብቻ እንዲታረስ ፈቀደ። ድንጋጌው ለአፈሩ ትክክል ነው። ከዚያ ዳገት ሌላ መሬት የሌለው ገበሬ ግን ምን ይብላ? እዚህ ላይ ክልከላ ብቻውን አይሠራም፤ ካሳ ወይም ለመኖና ለፍራፍሬ የሚሆን ድጋፍ አብሮት ካልሄደ ድንጋጌው ወረቀት ላይ ይቀራል። በ2016 ዓ.ም. ይህን አዋጅ የተካው አዲሱ አዋጅ የመጠቀም መብትን አስይዞ መበደርን ፈቅዷል፤ ዛፍ እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ብድር ነው።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ የግል ደንን፣ የማኅበረሰብ ደንንና የማኅበራት ደንን በስማቸው ጠርቶ አወቀ። ደን ያለማ ሰው የምስክር ወረቀት እንዲያገኝ፣ ለተወሰኑ የምርት ዙሮችም ከደን ገቢ ግብር ነጻ እንዲሆን መንገድ ከፈተ። ከምኒልክ ዘመን የግብር ምሕረት ጋር የሚመሳሰል ሐሳብ ነው።

ፋግታ ለኮማ

በአዊ፣ በእንጅባራ አካባቢ ያለችው የፋግታ ለኮማ ወረዳ ለዚህ ትምህርት ልዩ ቦታ ናት። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ገብሱም ድንቹም አልሰጥ ሲል ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በማሳው ላይ መትከል ያዘ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፉ ጋር በአንድ ማሳ ይተከላል፤ ጤፉ ይታጨዳል። በሁለተኛው ዓመት በዛፎቹ መሐል የሚወጣው ሣር ለከብት ይታጨዳል ወይም ይሸጣል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ይቆረጥና እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ይሆናል፤ ነጋዴው በጭነት መኪና ይወስደዋል። ከሰል የከሰለበት አፈር እንደገና ይዘራበታል፤ ሰብሉም ያምራል። ችግኝ አፍልቶ መሸጥ ለወጣቱ ሌላ ሥራ ሆነ። በሌላ ቦታ ደን ሲሳሳ በዚያ ወረዳ የዛፍ ሽፋኑ ጨመረ።

እዚህ የመንግሥት ገንዘብ ድርሻው ትንሽ ነበር። ዋናው ነገር ደብተሩ፣ መንገዱና የከሰሉ ገበያ ነው። በኋላ ግን በዛፉ ላይ የፈንገስ በሽታ ገባና ብዙ ማሳ አደረቀ። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ሲበዛ በሽታ ከገባ ማቆሚያ የለውም። የገበያው ድክመት ይኸው ነው፤ ነጋዴው ለከሰል ይከፍላል፤ ዛፉን ከሌላ ዛፍ ጋር አሰባጥሮ ለተከለ ሰው የተለየ ዋጋ አይሰጥም። የመንግሥት ማበረታቻ ትክክለኛ ቦታው እዚህ ነበር፤ አሰባጥሮ ለሚተክል ችግኝ፣ ለበሽታው ምርምር፣ አዝመራው ለጠፋበት ገበሬ መቋቋሚያ።

ለውጤት የተከፈለበትም አለ። በወላይታ፣ በሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተከልሎ፣ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው እየተገረዘ አደገ። የዓለም ባንክ ፈንድ የገዛው በዛፉ ውስጥ የተከማቸውን ካርቦን ነው፤ ተለክቶ ይከፈል ነበር፤ ዛፉ ከተቆረጠ ክፍያ አልነበረም።

ሌላ ቦታ

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በቀላሉ የሚሸረሸር መሬት ያለውን ገበሬ መሬቱን ከ10 እስከ 15 ዓመት ትከራየዋለች፤ ገበሬው በማረስ ፈንታ ሣር ወይም ዛፍ ያለብሰዋል። የበቆሎ ዋጋ ሲወደድ ግን ውሉ ያለቀበት ሰው ብዙውን ጊዜ መልሶ ያርሰዋል። ቻይና በ1999 ዳገቱን ለዛፍ ለለቀቀ ገበሬ እህልና ገንዘብ መስጠት ጀመረች። ለኛ ይበልጥ የሚያስተምረው የኮስታ ሪካው ይመስለኛል። በ1996ቱ የደን ሕግ መሠረት ደኑን ላቆየ ባለመሬት የሚከፈለው ገንዘብ በአብዛኛው ከነዳጅ ግብር ይመጣል። መኪና የሚነዳው የከተማ ሰው ለገበሬው ዛፍ ይከፍላል ማለት ነው። ከታች ያለው ተጠቃሚ ከላይ ላለው ይከፍላል፤ ለጋሽ ቢሄድም ክፍያው አይቆምም።

ዑረይጃ ሆኖ አገር ቤት መሬት ላለው

ከዚህ ብር እየላከ በወላጆቹ መሬት ላይ ዛፍ የሚያስተክል ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከችግኙ በፊት ወረቀቱን ይይ። ደብተሩ በማን ስም ነው? ርቆ ለዓመታት ሳያሳውቅ የጠፋ ሰው ይዞታውን ሊያጣ የሚችልበት ድንጋጌ በአማራ ክልል ሕግ አለ፤ ስለዚህ መሬቱን የሚይዘው ወንድም ወይም ተከራይ በጽሑፍ ውል፣ ወረዳው መሬት አስተዳደር ዘንድ ተመዝግቦ ይያዝ። ቀበሌው ላይ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ደውሎ በዚህ ክረምት የትኛው ችግኝ በነጻ እንደሚታደል ይጠይቅ። ዲከረንስ ብቻ ወይም ባሕር ዛፍ ብቻ አይትከል፤ በዳር በኩል ዋንዛ፣ ግራዋ፣ ለመኖም ሉኪንያ ያስገባ። አገር በቀል ዛፍ ሊተክል ካሰበ ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላ ለመቁረጥና ለማጓጓዝ የማን ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ዛሬውኑ ይወቅ፤ ገበሬው የራሱን ወይራ ገና በችግኝነቱ የሚነቅለው ነገ እንዳልቆርጠው ይከለክሉኛል ብሎ ስለሚሰጋ ነው። የግል ደን የምስክር ወረቀት ማግኘት የሚችል ከሆነ ይጠይቅና ከደብተሩ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጠው።